ሳይመሩበት መልስ አይሰጥም

በ2008 ዓ.ም. እንጅባራ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ማለት እንግዲህ የኃላፊው ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠራ ሰው ነው። አንድ ቀን "ደብዳቤ በኢሜይል ይሁን" የሚል መመሪያ ወረደ። መመሪያው የደረሰን በፖስታ ነው፤ ይሁን።

የኢሜይሉን ሶፍትዌር ማውረድ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ዘጠና ከመቶ ሲደርስ መብራት ድርግም! በሦስተኛው ቀን ሰርቨሩ ላይ ጭኜው ለአሥራ ስምንቱም ሠራተኛ አድራሻና የይለፍ ቃል አዘጋጀሁ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ኃላፊያችን አቶ ሽመክት መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩት። "ታዲያ ማህተሙ የቱ ጋ ነው?"

"ማህተም አያስፈልገውም።"

"ማህተም የሌለው ደብዳቤ? አንተ ልጅ፣ ልታሳስረኝ ነው?"

በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሁሉም የይለፍ ቃል መዝገብ ቤት ይቆለፍበት። የመጣ ኢሜይል ታትሞ "ገቢ" የሚል ማህተም ይመታበትና ኃላፊው ይምሩት። መልስ የሚላከው ከእኔ ኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ ያውም ከተመራ በኋላ። ሥልጣኔ እንዲህ ነው እንጂ!

መዝገብ ቤቱን የምትይዘው ያለምወርቅ ናት። ባሏና የሁለት ዓመት ልጇ ዳንግላ ናቸው፤ እሷ እዚህ እንጅባራ ቤት ተከራይታ ቅዳሜን ትጠብቃለች። ልጁ ጎረቤታቸውን "እማ" ማለት ጀምሯል። ዝውውር መጠየቅ የጀመረችው ገና እሱን ስታረግዝ ነው።

ሰኞ ጠዋት እየሮጠች መጣች። "መሴ! ተፈቀደልኝ! እልል በልልኝ!" ከክልል ቢሮ የመጣውን ኢሜይል አትማ አሳየችኝ። ዝውውሩ ጸድቋል፤ መልቀቂያዋ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ግን ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

አቶ ሽመክት እሑድ ባሕር ዳር ለስብሰባ ሄደዋል። ለማንም ውክልና አልሰጡም፤ እሳቸው እቴ! ስልካቸውን ያነሱት ረቡዕ ነው። "ስመጣ እመራዋለሁ" ብለው ዘጉት። ያለምወርቅ ክልል ቢሮ ደወለች። ከመሥሪያ ቤትሽ አድራሻ ካልመጣ አንቀበልም አሏት።

ሐሙስ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። "በሞቴ፣ መሴ፣ አንዲት መስመር ጻፍልኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ትንሽ ቀን ጨምሩልን በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እኔ፣ በሰውዬው ስስቅ የከረምኩት ጀግና፣ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? "ሳይመራልኝ እንዴት አድርጌ?" ፈራሁ። እንጀራዬን ፈራሁ። ጽፎ መላኩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አቶ ሽመክት ሰኞ ገቡ። ኢሜይሉን አንብበው ደስ አላቸው። "አየህ፣ በፖስታ ቢሆን ወር ይፈጅ ነበር!" ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ቀጥለው ቀኑን አዩና ኅዳጉ ላይ ጽፈው ፈረሙ፦ "ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ለመዝገብ ቤት፤ ከፋይሏ ጋር ይያያዝ።"

ወረቀቱን የወሰድኩላት እኔ ነኝ። ያለምወርቅ አነበበችው፤ ቀና ብላም አላየችኝ። የራሷን ፋይል ከመደርደሪያው አወረደች፣ ወረቀቱን ቁጥር ሰጥታ አያያዘችውና ፋይሉን ወደ ቦታው መለሰችው።