የኋላው ጎማ

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነበር። ትንሽ ሥዕል ግድግዳ አሳክሎ ማጉላት ለእሱ ውሃ እንደ መጠጣት ነው። ሥዕሏን ግድግዳው ላይ ይለጥፍና ከጎኗ ምስማር ይመታል። ከምስማሩ የተነሳው ሲባጎ በሥዕሏ ነጥብ ላይ አልፎ ከምስማሩ እስከ ነጥቡ ያለውን ርቀት ሦስት እጥፍ ሲደርስ፣ እዚያ ምልክት ያደርጋል።

"ሦስት ማዕዘን ሦስቱንም ጫፍ ካላሳደድሽለት እሺ አይልም" ይለኝ ነበር። "ክብ ግን የዋህ ነው። መሃሉንና አንድ የጠርዙን ነጥብ ካገኘሽለት በቃ። የፈለገውን ያህል ቢያድግ ያው ክብ ነው።"

ሲባጎውን ምስማሩ ላይ በአውራ ጣቷ የምትይዝለት እናቴ ነበረች። ምን ዋጋ አለው፣ የእሱ አፍ አያርፍም፣ እሷ ደግሞ ሳቋን መያዝ አትችልም። የብስክሌት ጠጋኙን ግድግዳ ሲሠሩ፣ የኋላው ጎማ ላይ ደርሰው፣ "አጥብቀሽ ያዢ፣ ፍሬኑን ገና አልሳልኩትም!" አላት። ስትስቅ አውራ ጣቷ ከምስማሩ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ሲባጎው በሥዕሏ ነጥብ ላይ እንደ ሚዛን ዘንግ ሌላኛው ጫፉ ተነሳና ጎማው በሁለት ጣት ወደ ላይ ወጣ። ክብነቱ እንከን የለውም፣ ቦታውን ብቻ ሳተ። ቀለሙ ደርቆ ሲያየው አባቴ በገነ።

"ቁልቁለት እየወረደ ነው በላቸው" አለችው እናቴ። ነገሩ በዚያው ቀረ። በዚያ ግድግዳ ባለፍኩ ቁጥር የምሰማው ሳቋን ነው።

እሷ ከሞተች በኋላ ጠጋኙ ግድግዳው እንዲታደስ ፈለገ። "ጎማውንም አስተካክሉልኝ፣ ደንበኛ እየሳቀብኝ ነው" አለ። ባንቀው ደስ ባለኝ! አባቴ እምቢ እንዲል ዓይን ዓይኑን አየሁት። እሱ ግን ስህተት አይወድም፤ "እሺ" አለ።

ግድግዳው ነጭ ተቀባ። የእናቴ ጎማ ጠፋ። ሲባጎውን እኔ ያዝኩ። የፊተኛው ጎማ አለቀ። የኋላው ላይ ስንደርስ አባቴ መሰላሉ ላይ ቆም አለ።

"አጥብቀሽ ያዢ፣ ፍሬኑን ገና አልሳልኩትም።"

አልሳቅኩም። በምን አንጀቴ? ጥርሴን ነክሼ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ ያዝኩ። ጎማው ልክ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ጠጋኙ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ አጨበጨበ።

አባቴ ከመሰላሉ ወርዶ ጎማውን ብዙ አየው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ጠጋኙ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ምነው ልጄ" አለኝ፣ "ትንሽ እንኳ አትስቂልኝም ነበር?"