ያየ ሰው

የደርቤ ሚኒባስ በድራማ ላይ የጊዜ መኪና ከሆነች ወዲህ ሰውየውን የሚችለው ጠፋ። የደብረ ማርቆስ ልጆች ናቸው ተከራይተዋት በየእሑዱ በኢንተርኔት የሚለቀቅ ተከታታይ ድራማ የሠሩባት። ሦስት ተማሪዎች ይገቡባታል፤ ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ወደ ድሮ፣ ወደ ፊት ሲገባ ወዳልመጣው ዘመን ትወስዳቸዋለች። በሩ በእውነትም በድራማውም በገመድ ነው የሚታሰረው። ሉማሜ መናኸሪያ ላይ ተሳፋሪው «ደርቤ፣ ወደ ጣሊያን ዘመን ቦታ አለ?» እያለ ሲያሾፍበት እሱ ከልቡ ይኮራል።

እኔ የኔአለም እባላለሁ፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለኝ። ድራማውን በሻይ ቤቴ ቴሌቪዥን የማሳየው ደንበኛ ለመሳብ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እኔው ራሴ እወደዋለሁ። ስለ ከዋክብትና ስለ ጊዜ ሲያወሩ ግማሹ አይገባኝም፤ ቢሆንም መሐል ላይ ተነሥቶ ሻይ ድገሚኝ የሚለኝን ሰው በዓይኔ አስቀምጠዋለሁ።

እናቴ ሥራነሽ ድራማውን አይታው አታውቅም ነበር። ከሮብ ገበያ በላይ ካለው ከአባቷ አገር አምጥቼ ከእኔ ጋር ያስቀመጥኋት የልቧ ሕመም ሲጠናባት ነው፤ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍል ብዙም አትወጣም። ሐኪሙ የሚለውን ብሏል፣ እሷም ሰምታለች። ሞት አያስፈራትም። የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷን ሳታለቅሰው መሞቷ።

አያቴ ይስማው በ1960 ዓ.ም.፣ ገበሬው አዲሱን ግብር አልከፍልም፣ መሬቴንም አላስለካም ብሎ በሸፈተ ጊዜ፣ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጮቄ እንደወጣ ቀረ። እናቴ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አብረውት ከወጡት የተረፉት ተመለሱ፤ ላልተመለሱትም መርዶ መጣ። የእሱን ነገር ግን አየሁ የሚል አልተገኘም። ሴት አያቴ ደግሞ ዘመዱን ሁሉ በግዝት አሰረች፤ በዓይኑ ያየ ሰው ካልመጣ በቀር ይስማው ሞተ የሚል ሰው ደጄን እንዳይረግጥ አለች። እንደጠበቀች እሷም ሞተች። መርዶ ስላልተረዱ ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ፍትሐት አልተደረገለትም፣ ተዝካሩም አልወጣም። ግዝቱን የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ባምላኩ፣ ከመሬቱ ጋር አብሮ ወረሰው።

እናቴ ስንት ጊዜ ለመነችው። ዘመዱ አረጀ፣ እኔም ታመምሁ፣ መርዶውን አርዳኝና አልቅሼ ይውጣልኝ አለችው። እሱ ግን ያላየሁትን ሰው አልገድልም ብሎ ድርቅ ይላል። ሌላው ዘመድ ደግሞ የታላቁን ቃል አልፎ አፉን አይከፍትም። አጎቴን እወደዋለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ደሜን ያፈላዋል። ሰው እንዴት እህቱን እንዲህ ያንጠለጥላል?

ሚኒባሷ ወደ 1960 የሄደችበት ክፍል የተለቀቀው ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ነው። ሻይ ቤቱ ሞላ፤ ደርቤ ከፊት ወንበሩን ያዘ። እናቴ ዓመተ ምሕረቱ ሲጠራ ሰምታ ይሁን እንዲያው ሰው ናፍቋት አላውቅም፣ ነጠላዋን ደርባ ወጣችና በሩ ሥር ተቀመጠች።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። ተማሪዎቹ ጮቄ ሥር አንድ ምንጭ አጠገብ ይደርሳሉ፤ እዚያም የቆሰለ ሸማቂ ወድቆ ያገኛሉ። ሕግ አላቸው፤ ያለፈውን ማየት እንጂ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱ ወደ ሚኒባሷ ይመለሳሉ። ሦስተኛዋ፣ በድራማውም በእውነትም ስሟ መቅዲ የሆነው ልጅ፣ እምቢ ብላ ከራስጌው ትቀመጣለች። በእፍኟ ውኃ ታጠጣዋለች። ሰውየው ስሙን ሳይነግራት ይሞታል፤ እሷም ዓይኑን ትከድናለች። ከዚያ ማርሹ ወደ ፊት ገባ፣ ደብረ ማርቆስ ደረሱ፣ በማግሥቱ መቅዲ ፈተና ስትፈተን ታየችና አለቀ።

ስልኬን አውጥቼ የተመልካቹን አስተያየት ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። አንዷ አለቀስሁ ብላ የእንባ ምልክት ደርድራለች። አንዱ የሸማቂው ቁምጣ የዚያ ዘመን ስፌት አይደለም ይላል። ሌላው የጎማው ዱካ ጭቃው ላይ ከቀረ ታሪክ አልተለወጠም ወይ ብሎ ይፈላሰፋል። የሚበዛው ግን ለምን አላዳኑትም የሚለው ነበር። ማየት ብቻ ከሆነ ምን ሊሠሩ ሄዱ፣ ለሽርሽር ነው ወይ ብሎ የጻፈም አለ።

ሻይ ቤቱም ለሁለት ተከፈለ። ማትሪክ የወደቀው ሁሉ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ፣ ሰውየው ቢድን ልጆች ይወልዳል፣ ከልጆቹ አንዱ የአንዷን ተማሪ እናት ያገባል፣ ያኔ ተማሪዋ ሳትወለድ ልትቀር ነው እያለ ያስረዳል። ከሁሉ የባሰው ደርቤ ነበር። መኪናዋ እኮ ባዶ ነበረች አለ። የቆሰለ ሰው መንገድ ላይ ጥላ የሄደችው የእሱ ሚኒባስ መሆኗ አንገበገበው፤ እኔ ብነዳት ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ አደርሰው ነበር እያለ ማለ። ያኔ ምን ጤና ጣቢያ ነበር ቢሉትም አልሰማቸውም።

ጫጫታው በረድ ሲል እናቴ ከበሩ ሥር ሆና ተናገረች።

«ልጅቷ አየችው። ተመልሳስ ለማን ነገረች?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ይኸ ሰው ቤት የለውም? ልጅ የለውም? ዓይኑን በእጇ ከድና ስታበቃ፣ ምንም እንዳላየች ሄዳ ፈተና ትቀመጣለች? እኔ ለምን አላዳነችው አላልሁም፤ ቀኑ ከደረሰ ደረሰ ነው። ያየ ሰው ግን መጥቶ ይናገራል እንጂ።»

ይህን ብላ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ካነበብሁት አስተያየት ሁሉ ይህን ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም መርዶ በሌለው ቤት አድጌ አላሰብሁትም፤ ስለ ጎማ ዱካ ስከራከር ነበር። አፈርሁ፣ አዘንሁም።

ደርቤ አፉ አያርፍምና ነገሩን በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ወስዶ ለመቅዲ ነገራት። እሷም ቅዳሜ በዚያችው ሚኒባስ መጣች። በድራማው ላይ ረጅም ትመስላለች እንጂ እንዲያው ቀጫጫ ልጅ ናት። እናቴ እግር ሥር ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ድራማውን ሲጽፉትም ሲቀርጹትም ይህ ነገር ለአንዳቸውም እንዳልታያቸው ነገረቻት፤ ይቅርታም ጠየቀቻት። እናቴ ይቅርታው አልነበረም የሚያስፈልጋት።

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ ልጄ» አለቻት። «የታመመው ልቤ ነው እንጂ አእምሮዬ ደኅና ነው። ግን ብርዱ ላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከሚሞት ሰው አጠገብ ተቀምጠሻል። የኔም አባት እንዲያ ሳይሆን አይቀርም የሞተው። የጀመርሽውን ጨርሽውና መርዶዬን አንቺ አርጂኝ።»

መቅዲ አድኚኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምን ላድርጋት? የገዛ እናቴ ከሥጋ ዘመዶቿ ያጣችውን ነገር ከአንዲት የድራማ ልጅ ስትለምን ማየት አንጀቴን አሳረረው። ለንስሐ አባታችን ለአባ ገብረ ኪዳን ሄደን ነገርናቸው። ፍትሐቱን ለማድረግ ያየ ሰው እንደማያስፈልጋቸው፣ ድሮም እንዳላስፈለጋቸው፣ የቸገራቸው የሴት አያቴ ግዝት መሆኑን ተናገሩ። ፍቱልኝ ያለ ስላልነበረ ነው እንጂ እሱን እፈታዋለሁ አሉ። ከዚያ ወደ መቅዲ ዞሩ።

«አየሁ እንዳትዪ። ያላየሽውን አየሁ ካልሽ ሐሰት ነው። ሞተ ማለት ግን ሐሰት አይደለም።»

እናቴ ለአጎቴ ላከችበት። አመሻሹ ላይ ዱላውን ይዞ፣ ፊቱን አጥቁሮ ደረሰ። መቅዲን አልሰላምም አለ። እሱና እናቴ በክፍሏ ውስጥ ብቻቸውን ሲነጋገሩ ከውጭ ይሰማኝ ነበር። የፊልም ልጅ ናት ወይ አባታችንን የምትገድለው ሲላት፣ አንተ እምቢ ስላልኸኝ ነው አለችው።

ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ እንደ ሥርዓቱ ተሰበሰበ። አባ ገብረ ኪዳን ከፊት፣ መቅዲ ከጎናቸው ሆነው በሩን አንኳኩተን ገባን። እናቴ ቀድማን ተነሥታ፣ ተጣጥባ፣ የአልጋዋ ጫፍ ላይ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የሚመጣባትን እያወቀች እንዲያ ቀጥ ብላ ትጠብቃለች። አጎቴ ከሁሉ ኋላ በሩን ተደግፎ ቆመ።

አባ ገብረ ኪዳን ግዝቱን ፈቱና ጸሎት አደረሱ። ቀጥሎ የመቅዲ ተራ ነበር። ገጽ ሙሉ ንግግር ሳትደናቀፍ የምትወጣው ልጅ አፏ ተሳሰረ።

«እማማ፣ እኔ አላየሁም» አለች። «ያየሁት ቦታውን ብቻ ነው። ብርድ ነው፤ ሰው የለም። አባትዎ...»

ከዚያ ወዲያ አልወጣላትም። እንደገና አባትዎ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ዓይኗን ከልጅቷ አፍ ላይ አላነሣችም። እኔ ነገሩ እንዲህ ተበላሽቶ ቀረ፣ እናቴም ከነጭንቋ ልትሞት ነው ብዬ አጎቴ ላይ ልጮህበት ዞርሁ።

አጎቴ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሰውን እየገፋ ወደ ፊት መጣ። እናቴ ፊት ቆመ።

«ከቤታችን መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ» አለ። «ዳገቱ ድረስ ስንቁን ተሸክሜ ሸኘሁት። ተመለስ፣ እናትህን ጠብቅ አለኝ፤ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም። ለእናታችንም ለአንቺም የምነግረው አጣሁ። አባታችን ግን በሕይወት ቢኖር አይቀርብንም ነበር። እንዴት አድርጎ ይቀርብናል? ሞቷል፣ እቴ። አባታችን ሞቷል።»

እናቴ ዕድሜ ልኳን ስለ አባቷ ስታወራ ይስማው እያለች በስሙ ነበር የምትጠራው፤ ስለ ጎረቤት እንደምታወራ። ልጅ ሆኜ ለምን እንደዚያ እንደምትለው ጠይቄያት ወሬ አታብዢ ብላኛለች። ያን ዕለት ጠዋት እጆቿን ራሷ ላይ ጭና «አባዬ» አለች። የስልሳ አምስት ዓመት ሴት ድምፅ አልነበረም፤ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር። አጎቴ መሬት ላይ ወድቆ ጉልበቷን አቀፈ። እኔ ልቧ እንዳይጎዳ ፈርቼ ላረጋጋት ስሮጥ አባ ገብረ ኪዳን ክንዴን ያዙኝና ተያት፣ ታልቅስ አሉኝ።