ግማሽ ሰዓት

“ስለሺ፣ ከወረዳ መጡ! ቶሎ ተኛ!” አለች ደሳለች፣ ነጠላዋን ገና ባልደረቀው ልስን ላይ እያንጠለጠለች።

ስለሺ ወገቡን ደግፎ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ላብ አጥምቆታል። ለሳኝ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት ዊንጌት አካባቢ ከሚሠራ ሕንፃ ላይ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ የሚኖሩት ወረዳው በየወሩ በሚሰጠው ድጋፍና ሚስቱ ደሳለች የሰው ልብስ አጥባ በምታመጣው ነው። ድጋፉ ከቤት ኪራይ አልፎ ለማስታገሻ ክኒን አይተርፍም። ቢሆንም እሱም ከቀረ መግቢያ የላቸውም። አሁን ደግሞ መሥራት የሚችሉ ሰዎች ይቀነሱ ተብሎ ቤት ለቤት ማጣራት ተጀምሯል።

ትናንት ዝናቡ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ፍራሹን ሲያርስበት አላስቻለውም። ከጎረቤት ሲሚንቶ ለምኖ ለሰነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ደሳለች ካልደገፈችው ሽንት ቤት እንኳ መሄድ አቃተው።

የወረዳው ሠራተኛ ኖህ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

“ጋሼ፣ ሥራ መሥራት ይችላሉ?”

“ኧረ የት ችሎ!” ደሳለች ቀደመች። “ውሃ እንኳ የማቀብለው እኔ ነኝ።”

ኖህ ግን ዓይኑ የነጠላው ጥለት ላይ ቀርቷል፤ ርሶ ሲሚንቶ ነክቶታል። ተነሥቶ ገለጥ አደረገው።

“ይሄን ማን ለሰነው?”

ስለሺ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

“እኔ ነኝ።”

ደሳለች አፏን በእጇ ያዘች። ኖህ ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እኔ ምንም አላየሁም። ‘አይችልም’ ብዬ ልሙላውና ልሂድ።”

“ተባረክ የኔ ልጅ!” አለች ደሳለች።

ስለሺ እሺ ሊል ነበር። ግን የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ይመጣል፤ እስከዚያም ፀሐይ ሊሞቅ ደጅ በወጣ ቁጥር ማን አየኝ እያለ ሊሳቀቅ ነው።

“ግማሽ ሰዓት ሠርቼ ሁለት ቀን እተኛለሁ። እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ።”

“እንዲህ የሚል ቦታ የለውም እኮ ጋሼ። ይችላል፣ አይችልም፣ በቃ። ኮሚቴው ካየው ሊሰርዝዎት ይችላል።”

“ግማሽ ሰዓት የሚሠራ ሰውስ ማን ይቀጥራል ብላችሁ ነው?”

ኖህ ፎርሙን ዘርግቶ ሁለቱን ምርጫዎች አሳየው።

“በቁስቋሟ ይዤሃለሁ፣ ዝም በል!” አለች ደሳለች።

ስለሺ ፎርሙን ተቀበለ። ገለበጠና ባዶ ጀርባውን ለኖህ መለሰለት።

“እዚህ ላይ ጻፈው። ከሥሩ እፈርማለሁ።”