የወለተ እሳት ስእለትና ጨረታ

የሰው ልጅ እግሩ በምድር እየተራመደ ልቡ በነፋስ ክንፍ የሚበርር፣ አካሉ ለአፈር ምኞቱ ለመብረቅ የተሰጠ፣ ድንቅና ግሩም ፍጡር ስለ ሆነ፣ እግሩን ከልቡ የሚያስታርቅለትን ነገር ሲፈልግ ዘመኑን ይፈጃል፤ ከዚህም የተነሣ የቀደሙት አበው ፈረስ ሸለሙ፣ ሰጋር በቅሎ አሠገሩ፣ የኋለኞቹ ልጆቻቸው ግን ብረትን እሳት አጉርሰው መጋለብን ተማሩ። ይሁን እንጂ፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ፈረስ ሲታመም ሣሩን ይተዋል፤ መኪና ግን ስትታመም ባለቤቷን ትበላለች። ይልቁንም መኪናዪቱ ለሩጫ የተፈጠረች የስፖርት መኪና፣ ያውም ሌላ ሰው ጠግቦ የተዋት አሮጌ እንደ ሆነች፣ ሐሴቷና ሕመሟ እንደ መንታ ልጆች ተቃቅፈው ይመጣሉና፣ አንዱን ተቀብሎ ሁለተኛውን ከደጅ ለመመለስ የተቻለው ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። እኛም ይህን ጥልቅና ረቂቅ ምሥጢር ለትውልድ ለማቆየት፣ በደሴ ከተማ በጥብቅና ሥራ ስመ ጥር የነበረውን የአቶ ይትባረክ ወልደ አማኑኤልን ዜና በፍርሃትና በትሕትና እንጽፋለን።

ይህ ሰው በችሎት ቆሞ ሲናገር ዳኛው ብዕሩን የሚጥልለት፣ ባላጋራው የገዛ ክሱን የሚጠራጠርለት፣ አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ ነበረ፤ ዐርባ ዓመት እስኪሞላውም ድረስ ከራሱ ንግግር በቀር ሌላ ፍቅር አላወቀም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በመንገድ ሥራ መሐንዲስነት የኖረ አንድ ግሪካዊ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ከግቢው ጥግ በባሕር ዛፍ ሥር ቆማ አያት። ቀይ ናት፤ መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው፤ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ እንደ ጃንጥላም ይታጠፋል፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ወገቧ ቀጭን፣ ሆዷም ለምድር እጅግ የቀረበ ስለ ነበረ ለስግደት የተደፋች ትመስል ነበር። ግሪካዊው ቁልፉን ሲያስረክብ እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አቶ ይትባረክም የመለየት ኀዘን መስሎት አብሮት አለቀሰ፤ የዕረፍትና የነጻነት እንባ መሆኑ የተገለጠለት ዘግይቶ ነው። ስሟንም ወለተ እሳት ብሎ ሰየማት። ያን ዕለት ጣሪያዋን አጥፎ በከተማይቱ መካከል በነዳት ጊዜ፣ አቤት የዚያ ሰዓት ተድላ! ድምፅዋ ጦሳ ተራራ ደርሶ እንደ ነጎድጓድ ሲመለስ፣ አህዮች ጭነታቸውን አራግፈው ሲሸሹ፣ ሽማግሎች ሹም መጣ ብለው ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ፣ ነፋሱ አዲሱን ባርኔጣውን ከራሱ ላይ ነጥቆ ወደ ቦርከና ወንዝ ሲወረውርበት፣ ያ በችሎት ፊት ፈገግ ብሎ የማያውቅ ሰው ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ «ውሰደው! ካፖርቱንም ጨምርና ውሰደው!» እያለ እንደ ሕፃን ጮኸ።

በሳምንቱ ግን ወለተ እሳት በገበያ መካከል ጥቁር ጢስ አስነጥሳ ቆመች፤ መካኒክ ዘውገም ተጠራ። ዘውገ ክንዱ እስከ ክርኑ በዘይት የተጠመቀ፣ ተስፋው ግን ከማናቸውም ዘይት የጠራ ሰው ስለ ነበረ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፣ «ጌታዬ፣ አይስጉ፤ ትንሽ ነገር ናት» አለ። ይህችም ትንሽ ነገር ካርቡራተር ተብላ የጥንድ በሬ ዋጋ በላች፤ ሌላ ጊዜ ፍሪሲዮን ተብላ ከአባቱ የወረሰውን የባሕር ዛፍ ጫካ አስቆረጠች፤ በሦስተኛው ካምቢዮ ተብላ ከአስመራ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንደ እመቤት ተቀምጣ በመጣች ጊዜ፣ በቆላ የነበረውን የማሽላ መሬት ይዛ ሄደች። ዘውገም በየጊዜው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አሁን እንደ አዲስ ናት» ይል ነበር፤ እውነትም እንደ አዲስ ነበረች፤ ሕመሟ ሁሉ አዲስ ነበርና። ጌታዋ ወለተ እሳት ቢላትም የከተማው ሕዝብ ከዳገት ዳገት ሲገፋት ውሎ «ግፉኝ» ብሎ ሰየማት። ባለቤቱ ወይዘሮ አሰገደች፣ ያቺ ጥቂት ተናጋሪና ብዙ ታዛቢ ሴት፣ ባሏ በካፖርቱ ላይ ዝናብ እየወረደ መኪናዪቱን ጋቢ ሲያለብስ በመስኮት አይታ፣ «ጌታው፣ እኔ በምጥ ስያዝ እንኳ እንዲህ አልራሱም ነበር» አለችው። እርሱ ግን አልሰማትም፤ በማግስቱ ማለዳ ሞተሯ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሣለታልና፣ ያ ድምፅ ደግሞ ከበሬው፣ ከጫካው፣ ከመሬቱም ዋጋ ሁሉ ይበልጥበታልና።

እንግዲህ በሚያዝያ ወር የነፍስ አባቱ መምሬ ጥበቡ፣ የአቡነ አረጋዊ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ፣ ኮምቦልቻ ላይ የልቅሶ ቤት ሊደርሱ መኪና ሲጠብቁ አገኛቸውና ከጎኑ አስቀመጣቸው። እኒህ አረጋዊ በአንድ እጃቸው ጥምጥማቸውን፣ በሌላው መስቀላቸውን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ተነሡ፤ ነገር ግን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ገደላ ገደል መጠማዘዣ ሁለት ሦስቱን እንዳለፉ አንዱን ዓይናቸውን ገለጡ፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን፤ ከዚያም በተቀደሰ ድምፃቸው፣ «ልጄ፣ የልቅሶ መንገድ ስለ ሆነ መፍጠን አይገባም ነበር፤ ብቻ ለሟች ስንል እስቲ ትንሽ ጨመር አድርጋት» አሉ። አቶ ይትባረክም ጨመረ። ተራራው ወደ ላይ ሸሸ፣ ሸለቆው ወደ እነርሱ መጣ፤ ሁለቱም በአንድነት ሳቁ። በዚያ የሐሴት ከፍታ ላይ ሳሉ ጠበቃው የፍሬኑን መርገጫ ቢረግጥ እንደ ውሃ ውስጥ ጭቃ ሰመጠለት።

«አባ፣ ፍሬኑ!»

«ፍሬኑ ምን ሆነ?»

«የለም!»

መምሬ ጥበቡ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ፤ አቶ ይትባረክ ግን ጠበቃ ነውና ጸሎቱን በውል መልክ አቀረበ፤ «አቡነ አረጋዊ! አንተ በዘንዶ ገደል የወጣህ ጻድቅ፣ እኔን ገደል በደኅና አውርደኝ! ካወረድከኝ መኪናዪቱ ያንተ ናት!» ብሎ ሐረጎ እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኸ። ወዲያውም ወለተ እሳት ከመንገዱ ወጥታ፣ አንድ ገበሬ ለከብቶቹ ባቆየው የጭድ ክምር ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ፣ ሕፃን በእናቱ ጡት ላይ እንደሚያርፍ በለሰለሰ ሁኔታ ዐረፈች። ጥቂት ቆይቶ ከጭዱ መካከል ጥምጥሙ የተፈታ ራስ ብቅ አለና፣ ገና የራሱን አጥንት ሳይቆጥር፣ «ሰምቻለሁ» አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አቶ ይትባረክ በዕድሜው ከተከራከራቸው ነገሮች ሁሉ የከበደውን ነገር ተከራከረ። በክረምቱ መካከል ወደ ነፍስ አባቱ ቤት ሄዶ፣ በግዴታ የተገባ ውል በሕግ ፊት ፈራሽ መሆኑን ባማረ ቃልና በብዙ ምሳሌ አስረዳ። መምሬ ጥበቡ እስከ ፍጻሜው በትዕግሥት ሰምተው፣ «ልጄ፣ ማን አስገደደህ? ጻድቁ አላስገደዱህም፤ ያስገደደህ ፍሬኑ ነው፤ ፍሬኑ ደግሞ የገዛ ንብረትህ ነበረ» አሉት። ይህን ጊዜ በችሎት ተረትቶ የማያውቀው ጠበቃ ተረታ። ሲወጣ ግን መምሬ ጥበቡ በኀዘኔታ ተከትለውት፣ ስእለት ሆኖ የገባ ዕቃ ሁሉ በጥቅምት ዐሥራ አራት በንግሡ ዕለት ለጨረታ እንደሚቀርብ፣ ባለቤቱም እንደ ማንም ሰው ተጫርቶ ቢገዛው ኃጢአት እንደሌለበት ነገሩት። ልቡ ሊፈነዳ ደረሰ! የዳር አገር መሬቱን ሸጠ፣ በቅሎውን ሸጠ፣ ያልተከፈለ የጥብቅና ዋጋውን ከየባለጉዳዩ ደጅ ቆሞ ለቀመ፤ ዘውገም ፍሬኗን አደሰና፣ «አሁን እንደ አዲስ ናት» አለ። ከሀብቱ ሁሉ የቀረው የሚኖርበት ቤት ብቻ ሆነ።

የንግሡ ዕለት ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ በዐውደ ምሕረቱ በተሰበሰበ ጊዜ፣ ወለተ እሳት ታጥባና ተወልውላ፣ በአደይ አበባ ተከብባ፣ ከአንድ ጃንጥላና ከአንድ ጋን ማር አጠገብ ቆመች። በወሎ ልማድ የክርስቲያኑ ንግሥ ለእስላሙ፣ የእስላሙም መውሊድ ለክርስቲያኑ ባዕድ አይደለምና፣ ባለ ጭነት መኪናው ሐጂ ይማም አደምም መጥተው፣ በሰፊው ሰውነታቸው መኪናዪቱን ዞረው ዞረው ተመለከቱ። አቶ ይትባረክ ሥጋት ገብቶት፣ «ሐጂ፣ በዚች ጋቢና ይገባሉ ብለው ነው?» አላቸው።

«እኔ ምን ልገባ ጠበቃ! ወፍጮዬ ሞተር አጥቶ የከተማው ሴቶች ሁሉ እየረገሙኝ ነው። ሞተሯን አውጥቼ ጤፍ አስፈጫታለሁ። ድምፅዋስ ቢሆን ለወፍጮ እንጂ ለመኪና ነው እንዴ?»

ጤፍ! ወለተ እሳት ጤፍ ልትፈጭ! የጠበቃው ደም በአንድ ጊዜ ወደ ራሱ ወጣ።

አስቀድሞ ጃንጥላው ተሸጠ፤ የገዛውም ሽማግሌ እንደ ደጉ ልማድ፣ «ለጻድቁ መልሼ ሰጥቻለሁ» ስላለ ዳግመኛ ሊሸጥ ሆነና፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ማሩም እንዲሁ ሆነ፤ ማሩን መልሶ የሰጠው ነጋዴ ከእልልታው ብዛት የተነሣ ቁመቱ የጨመረ መሰለ። ቀጥሎም መምሬ ጥበቡ ወለተ እሳትን አቀረቡ። ሐጂ ይማም አንድ ሺህ ብር አሉ፤ አቶ ይትባረክ እጥፉን ጠራ። ሐጂ ጨመሩ፤ እርሱ ዘለለ። ሕዝቡ ከዛፍ ላይ ወጣ፣ ከአጥር ላይ ተንጠለጠለ፤ አንዱ፣ «ግፉኝ ዛሬስ ማንም ሳይገፋት ሄደች!» እያለ ይስቃል፤ ሌላው፣ «አይዞህ ጠበቃ፣ ከወፍጮ አድናት!» ይላል። ዋጋው ከበሬው፣ ከጫካው፣ ከማሽላውም መሬት በላይ በወጣ ጊዜ ሐጂ ይማም ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ «ወላሂ፣ በዚህስ ወፍጮ ከነቤቱ፣ ከነጤፉ እገዛለሁ! የጎረቤቴ ታቦት ደስ ይበለው፤ ያንተ ናት!» አሉ።

የእርሱ ሆነች! አቶ ይትባረክ የብሩን ከረጢት ለመምሬ አስረክቦ፣ ዘልሎ በመቀመጫዋ ላይ ቆመ። ከበሮው ተመታ፤ እልልታው ከጃንጥላውም ከማሩም እልልታ በላይ ሆነ፤ ካህናቱ መረቁት፤ ወጣቶቹ ጨፈሩለት። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ ያለ ችሎት፣ እንደዚያ ያለ ጉባኤ፣ እንደዚያ ያለ የሰው ፊት ባሕር ከፊቱ ተዘርግቶ አያውቅም ነበርና፣ አንደበቱ እንደ ተፈታ ፈረስ ወጣ። ስለ አቡነ አረጋዊ ቸርነት ተናገረ፤ ስለ ሐረጎ ገደል ተናገረ፤ ሴቶች አለቀሱ፤ ስለ ዓለም ከንቱነት በተናገረ ጊዜ ወንዶችም አለቀሱ፤ የንግግሩ ዳገት አንድ ታላቅና ከባድ መደምደሚያ ጠየቀው፤ እርሱም መደምደሚያ ጠይቆት እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ክንዶቹን እንደ ንስር ዘርግቶ፣ «እንኳን ይህችን ብረት ነፍሴንም ቢሆን! ለጻድቁ መልሼ ሰጥቻታለሁ!» አለ።

የዚያን ቀን እልልታ የሰሙ ሰዎች ከጦሳ ጫፍ ደረሰ ይላሉ። አቶ ይትባረክም እስኪያልቅ ድረስ በፍጹም ደስታ ቆሞ ሰማው፤ ሲያልቅ ግን ፊቱ ቀስ በቀስ እንደ ኖራ ነጣ። የተናገረውን ሰው ለመፈለግ ዞር አለ፤ ከራሱ በቀር ማንም አልነበረም። መምሬ ጥበቡ፣ እውነት ለመናገር፣ የሰሙ አልመሰሉም፤ ሁለት ጊዜ ሳሉ፣ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ግን ሕዝቡ ሁሉ ሰምቷልና በመጨረሻ፣ «ወለተ እሳት ዳግመኛ ቀርባለች» አሉ። ከአካባቢው ሰው ገንዘብ የቀረው አንድ ብቻ ነበረ። ሐጂ ይማም ለጃንጥላው ከተሰጠው ጥቂት ከፍ የሚል ዋጋ በዝግታ ጠሩ። የአቶ ይትባረክ አፍ ሲከፈት ወይዘሮ አሰገደች ከኋላው ደርሳ የነጠላዋን ጫፍ እስከ ጉሮሮው ጠቀጠቀችበት፤ በጆሮውም፣ «ጌታው፣ የቀረን ቤቱ ነው» አለችው። እርሱ በነጠላው ውስጥ የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ ሳይታወቅ ቀርቷል።

ሐጂ ይማም እየሳቁ፣ ሆዳቸውን እየሰበሰቡ፣ በሁለት ሰዎች ድጋፍ ከመሪው ኋላ ገቡ። «እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ እንኳ ትድረስልኝ» ብለው ቁልፉን አዞሩት፤ ወለተ እሳትም በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች፤ ድምፅዋ በዐውደ ምሕረቱ ግንብ ሲስተጋባ የሐጂ ሳቅ ቀጥ አለ። እጃቸው መሪውን ዳበሰ። እግራቸው፣ ሳያስቡት ይመስላል፣ ነዳጁን ትንሽ ጨመር አደረገ፤ ደግሞም ጨመር አደረገ፤ የስድሳ ዓመት ፊታቸው ላይ የሕፃን ፈገግታ ቀስ ብሎ ወጣ። ከቅጥሩ በር ሲወጡ ወደ ወፍጮ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ በግራ ነበረ፤ ሐጂ ግን ወደ ቀኝ፣ ወደ ሐረጎ፣ አቧራውን እንደ ዳመና እያስነሡ ታጠፉ። ያን ጊዜ አቶ ይትባረክ ነጠላውን ከአፉ መዝዞ፣ በእንባና በሳቅ መካከል፣ «ተያዙ! ሐጂም እንደ እኔ በፍቅሯ ተያዙ! ጤፍ አትፈጭም!» ብሎ ጮኸና፣ ካፖርቱን እያውለበለበ፣ «ሐጂ! በሁለተኛው ማርሽ አያስጨንቋት! ኧረ ቀስ! ሐጂ!» እያለ፣ በንግሥ ሕዝብ መካከል፣ ከኋላዋ በአቧራው ውስጥ ሮጠ፤ አፍ የሰጠውን እጅ አይመልሰውም፤ ልብ ግን በውሉ ላይ አልፈረመምና ቁልቁለቱን ሁሉ እየሮጠ ይከተለዋል።