ሰበታ ያለው አርባ ኩንታል

በዚያ ክረምት ሲሚንቶ ጠፋ። ዝናቡ ከሰኔ እስከ ነሐሴ አላቆመም። የሱሉልታ መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና ያዘ። ከቀን ሠራተኞቹ ግማሾቹ ወደ ጫንጮ፣ ወደየእርሻቸው ሄዱ። የቀረነው በሸራ ሥር ተቀምጠን ሰማይ እናያለን።

እኔ የሱሉልታው ሳይት ስቶር ጠባቂ ነኝ። አሠሪያችን ሬሐና በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አፓርታማ ትሠራለች። በዚያ ዓመት በየሳይቱ ኮምፒውተር አስገባች። የገባውንና የወጣውን በየቀኑ እንጽፋለን። ኮምፒውተሩ ለአንድ ወለል ስንት ሲሚንቶ እንደሚበቃ ያውቃል። ካልገጠመለት ቀይ ያበራል። እሷም የምትወስነው ያንን አይታ ነው።

"ይሄ ነገርስ ከሚስቴ በላይ ይጠረጥረኛል" ይላል ፎርማናችን ዘርሁን።

መስከረም ላይ ሁለት ቀይ በራ። ሱሉልታ አርባ ኩንታል ከልክ በላይ ወጥቷል። ሰበታ ለሶሌታው፣ ለኮንክሪቱ ወለል፣ ከሚበቃው አርባ ጎድሏል። ሬሐና የየሳይቱን ገጽ ለየብቻ አየች። እዚህ ሌባ፣ እዚያ ደካማ ሶሌታ አለ አለች። ሲሚንቶውን ሥራ ላይ የሚያውለው ዘርሁን በመጪው ሐሙስ እንዲሰናበት፣ የሰበታው ሶሌታም እንዲፈርስ አዘዘች።

እውነቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ነሐሴ ላይ ዘርሁን ለቅሶ ሄዶ ሳለ የሰበታው ስቶር ጠባቂ ሐምዱ ደወለልኝ። ሶሌታ እየሞሉ ሲሚንቶ አልቆባቸዋል። ሶሌታ ከተጀመረ አይቆምም፤ የተቋረጠበት ይሰነጠቃል። በዚያ ጭቃ እንደምንም አርባ ኩንታል ጭኜ ላክሁለት። እኛ ስቶር ጠባቂዎች ድሮም የምንበዳደረው በቃል ነው። እሱ ገባ ብሎ አልጻፈም። እኔ ለኮለን፣ ለምሰሶው፣ ወጣ ብዬ ጻፍኩ። ሲመጣለት ይመልሳል ብዬ ነበር፤ አልመጣለትም።

ያለ ወረቀት ዕቃ ያወጣ በዚያው ቀን ይሰናበታል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የማድረው እዚያው ሳይቱ ላይ ነው፤ ሌላ ቤት የለኝም።

ረቡዕ ለሐምዱ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ በአላህ ዝም ይበሉ። ልጆች አሉኝ።"

"ዘርሁንስ?"

ስልኩን ዘጋው።

በምሳ ሰዓት ዘርሁን ውጭ ከሠራተኞቹ ጋር ይሳሳቃል፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቶሎ ይቋረጣል። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ቡራዩ ሌላ አሠሪ ጋር አብረን ስንሠራ ስቶሩን ሳልቆልፍ ሄጄ የፌሮ ብረት ተሰረቀ። ሚስቴ ታማ ነበር። ዘርሁን "ያልቆለፍኩት እኔ ነኝ" ብሎ በእኔ ፈንታ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሬሐና ቢሮ ገባሁ።

"አርባውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰበታ ሶሌታው ውስጥ ነው ያለው።"

"ወረቀቱስ ጋሽ አሥራት?"

"የለም።"

ኮምፒውተሩ ላይ የሱሉልታንና የሰበታን ገጾች ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ቀኑ አንድ ነው፤ ቁጥሩም አንድ።

"ሦስቱንም ሳይት አንድ ላይ ማየት ነበረብኝ" አለች። ሰበታ ደወለች። "ማፍረሱን አቁሙ። መጀመሪያ ናሙና ወስዳችሁ አስመርምሩ።" ስልኩን አስቀመጠች። "ዘርሁን ይቀጥላል። እርስዎ ግን... ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ ልጄ።" የስቶሩን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

ዘርሁን በር ላይ ሆኖ ሁሉን ሰምቶ ይጠብቀኝ ነበር።

"ምን ነካዎት ጋሼ? ሰው በዚህ ዕድሜው ያብዳል እንዴ? ዝም ቢሉ ምን ነበር?"

"አንተስ ቡራዩ ላይ ለምን ዝም አላልክም?"

ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ።

"አሁን እኩል ነን" አልኩት።