ሸጌን የሣለው ማን ነው?

ኢያቄም ለገና ላሊበላ እመጣለሁ ብሎ በፌስቡክ ከጻፈ ጀምሮ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። «ደጀን ወንድሜ፣ ከጓደኞቼ ጋር እንመጣለን። ሸጌን ፊታችን ትሥልልናለህ፤ እግረ መንገዳችንን የመጽሐፌን ሽፋን ነገር እንጨርሳለን» ይላል መልእክቱ። ደጀን የአክስቴ ልጅ ነው፤ አስጎብኚ። ስለ ሥዕል ማውራት እንጂ አንዲት መሥመር መሣል አያውቅም። ሸጌን የምሥላት እኔ ነኝ፣ ፋና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢያቄም አዲስ አበባ ተቀምጦ በፌስቡክ ገጹ ላይ በየሳምንቱ ተከታታይ ልቦለድ ይጽፋል። ባለታሪኳ ሸጌ የምትባል የላስታ ሽፍታ ናት። ወዳጇ ብዙ ነው፤ የሚሥላትም ሞልቷል። ግን አሣሣላቸውን ብታዩ! ወገቧ ሊበጠስ የደረሰ፣ ቀሚሷ ታፋዋ ድረስ የተተረተረ፣ ዝናር ታጥቃ ከንፈሯን የቀባች። በዚህ ብርድ! በዚያ ቀሚስ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት ታድርና እናያታለን። እኔ በንዴት ነው የጀመርኩት። ጋቢ አለበስኳት፤ መቀነቷን ጠበቅ አደረግሁላት፤ ተረከዟን ሰነጣጥቄ፣ ዓይኗን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አስፍቼ ብራና ላይ ሣልኳት። ደጀን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በራሱ ስም ኢያቄም ገጽ ላይ ለጠፈው።

ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አባቴ መሪጌታ አረጋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ አንድም ቀን ስማቸውን አልጻፉም። በእኛ ሙያ ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈው ከፍሎ ያሣለው ሰው ስም ነው። ቀለም እየበጠበጥኩላቸው ያደግሁት ይህን እያየሁ ነው። ስልኩ የደጀን፣ ካርዱም የደጀን፤ እንግዲህ ያሣለው እሱ ነው ብዬ ተውኩት። ፌስቡክ ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ!

ምስጋናው ጎረፈ። «እጅህ ይባረክ»፣ «ጀግና ነህ»። አንዱማ «የሴትን ጥንካሬ እንዲህ አይቶ መሣል የሚችለው ወንድ ብቻ ነው፤ ሴቶቹ ቢሥሏት ኖሮ አበባ ያሲዟት ነበር» ብሎ ጻፈ። ስልኩን ወደ ገደል ልወረውረው ምንም አልቀረኝም፤ የሰው ስልክ ሆኖብኝ ተውኩት።

ከዚያ መክሊት የምትባል የደሴ ልጅ በራሷ ስም፣ ከነፎቶዋ፣ የሣለቻትን ሸጌ እዚያው ገጽ ላይ ለጠፈች። ጥሩ ሥዕል ነበር፤ ፈረሷ ከእኔ ፈረስ ይበልጣል። «ማን ሣለልሽ?» አሏት። «ሥዕሉን ተይውና ሌላ ፎቶሽን ልቀቂ።» «ወጡስ እንዴት ነው፣ ትችይበታለሽ?» የቀረውን እኔ አልደግመውም። ይባስ ብሎ አንዱ የእኔን ሥዕል አምጥቶ ከሥዕሏ ሥር ለጥፎ «ሥዕል ማለት የደጀን ነው፤ ከወንዶች ተማሪ» አላት። ልመልስለት ስልኩን ካነሳሁ በኋላ ጣቴ ደረቀ። ምን ብዬ? በማን ስም? በማግስቱ የመክሊት ገጽ ጠፋ።

ታሪኩ በመጽሐፍ ሊወጣ ነው፣ ሽፋኑም የደጀን ሥዕል ይሆናል የተባለው ከዚህ በኋላ ነው። መጽሐፍ ሰው ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ ልጅ ያነሳዋል፤ ማን ሣለው ተብሎ ይጠየቃል። ሽፋኑ ላይ ፋና አረጋ የሚል እንዲጻፍ ፈለግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። የዚያኑ ያህል ደግሞ ፈራሁ። እንደ መክሊት ቢያደርጉኝስ? አታላይ ብለው ሽፋኑን ቢነሱኝስ?

«እታለም፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ? ሲመጡ እውነቱን እኔው አወጣዋለሁ። አፍ እንደሁ አላነሰኝ» አለኝ ደጀን።

አፉንማ አውቀዋለሁ። ፈረንጅ ይዞ ከቤተ ማርያም ቤተ ጊዮርጊስ እስኪደርስ ያልነበረ ንጉሥ ያነግሣል። ቢሆንም አመንኩት። የአውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እያንጋጠጥኩ፣ ባጃጅ የምሥልበት የደጀን ሱቅ ደጅ በቆመ ቁጥር ቀለሙን እየደፋሁ ሰነበትኩ።

የገና ዋዜማ ጠዋት መጡ። ከተማው በነጠላ ለባሽ ምእመን ተጥለቅልቆ እነሱ ሦስት ሆነው እየተጋፉ ደጀን ሱቅ ገቡ። ኢያቄም ቀጭን፣ ትሑት ነገር ነው፤ ደጀንን አቅፎ አልለቅ አለው። ለእኔ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀመጡ። አሁን ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«አንድ ቀን ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ሥር ተቀምጬ» ብሎ ጀመረ ደጀን፣ «ውኃው ጠብ ጠብ ሲል የሸጌ ፊት መጣብኝ።»

አፈጠጥኩበት። ወደ እኔ አይዞርም። ወሬው ጣፍጦት እሱም ያመነው ይመስለኛል።

«በል አሁን ሣልልን!» አለ ኢያቄም፣ ስልኩን ለቪዲዮ እያዘጋጀ።

ደጀን ብራናውን አየ፤ ላብ ላብ አለው። «እስቲ ፋና ትጀምርላችሁ። እሷም እጇ ደህና ነው» አለና የመቃ ብዕሩን ወደ እኔ ገፋው።

አነሳሁት። መጀመሪያ ግንባሯን፣ ቀጥሎ አፍንጫዋን በአንድ መሥመር አወረድኩ። ሰዎቹ ወደ ብራናው ጎንበስ አሉ። ሁለቱ ዓይኖቿ ሲወጡ አንደኛው «ወይኔ!» ብሎ ተነሳ። «ራሷ ናት! ቁጭ ራሷ!» አለ ኢያቄም። ይኸው ታወቀ አልኩ በልቤ።

ኢያቄም የደጀንን ትከሻ መታ መታ አደረገው። «እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ ያስተማርካት?»

ደጀን ፈገግ አለ። «ትንሽ አድክማኛለች።»

እንዳይታወቅብኝ ስፈራ ከርሜ፣ ዓይናቸው ሥር ቁጭ ብዬ ስሥል እንኳ አላዩኝም። ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ፤ ንዴት ብቻ ቀረኝ። ብዕሩን ቀለም ነክሬ ለደጀን ዘረጋሁለት። «እንግዲያው አፏን አንተ ጨርሰው።»

ያዘው። እንደ ማንኪያ ነው የያዘው። ስልኩ ይቀርጻል። አንድ ጠብታ ብራናው ዳር ወደቀ። ጓደኞቹ «በል እንጂ!» አሉት። ደጀን ብዕሩን ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«እሷ ናት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከመጀመሪያውም እሷ ናት።»

ኢያቄም ቪዲዮውን አቋረጠ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ ጀመረ። «ፋና፣ በእኔ በኩል ምንም ችግር የለም። ሰው ግን ደጀንን ለምዷል። መክሊትን ምን እንዳደረጓት አይተሻል አይደል? ለአንቺው ብዬ ነው። ሽፋኑ በደጀን ስም ይውጣ፤ አንቺን ውስጥ፣ ምስጋናው ላይ እናስገባሻለን።»

«ገጹ የአንተ አይደለም እንዴ?» አልኩት። «እንደዚያ ሲያደርጓት አንድ ቃል ተናግረህ ነበር?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው።

የሸጌን አፍ ጨረስኩ። ከዚያ ከግርጌዋ «ሸጌን የሣለች ፋና አረጋ» ብዬ ጻፍኩ። የስሜ መጀመሪያ ፊደል ተጣሟል፤ ተውኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ብራና ላይ የደረቀ ቀለም የሚነሳው በቢላ ሲፋቅ ነው፤ ቆዳው ላይ ግን ጠባሳው ይቀራል። የአባቴን መፋቂያ ቢላ አውጥቼ ከሥዕሉ ጋር ኢያቄም ጭን ላይ አኖርኩለት።

«ሽፋኑ ይኸው። ስሜን ካልፈለግህ እዚሁ፣ እያየሁህ፣ በገዛ እጅህ ፋቀው» አልኩት።