ከቦኖው መቶ አርባ እርምጃ

ሰፈሩ ከፈረሰ ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ያኔ «ለልማት ነው፣ ቶሎ ልቀቁ» ተብሎ ሰው በጥድፊያ ተነሳ፤ ልማቱ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ቦታው ቆሻሻ መጣያና የአሮጌ አውቶቡስ ማጎሪያ ሆነ። አሁን በስንት ጊዜው መናፈሻ ይሁን ተባለና ሥራው ለማን ቢደርስ ጥሩ ነው? እዚያው ሰፈር ለተወለደችው መሐንዲስ። በሥራ ቦታ «ኢንጂነር» ነው የምትባለው፤ ለእናቷ ግን በሠላሳ ስድስት ዓመቷም ያው ሚጣ ናት።

ኩሬው፣ የእግረኛ መንገዱ፣ የዝናብ ውሃ ቦዩ ሁሉ በወረቀት ላይ አልቋል። ያላለቀው ወረቀት ላይ የሌለው ነገር ነው። እናቷ የድሮ ቤታቸውን ደጃፍ አንዴ ማየት ትፈልጋለች። ሰኞ ጠዋት ገልባጭ መኪኖች አፈር ይዘው ይገባሉ፤ ያ ሁሉ ሜዳ አንድ ሜትር ተኩል ከተሞላ በኋላ ደጃፍ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው።

ደጃፍ ምን ያደርግላታል የሚል ካለ፣ የሰው ነገር አልገባውም ማለት ነው። አባትየው ጫማ ሰሪ ነበር። ሚጣ ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ጠዋት ቆዳ ሊገዛ ወጣና «ማታ እመጣለሁ» እንዳለ ቀረ። ሞተ የሚል ወሬ የለ፣ አለ የሚል የለ። እናትየዋ አምስት ዓመት ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን አየች። ሰፈሩ ሲፈርስ ያለቀሰችው ለቤቱ ብላ አልነበረም። «ሲመጣ የት ብሎ ያገኘናል?» ነበር ያለችው፤ ከዚያም ወዲህ ቤት በቀየሩ ቁጥር ይህንኑ ትላለች።

ከሰፈሩ የተረፈ ነገር ቢኖር ሰው ሁሉ ውሃ ይቀዳበት የነበረው የቦኖው ሲሚንቶ ብቻ ነው። ሚጣ እናቷን በዚያው ዕለት ከቀያሽና ከቆፋሪዎች ጋር ወደ ሜዳው አመጣቻት፤ እናትየዋ ቦኖውን ስታይ ፊቷ በራ።

«ከዚህ እስከ ደጃችን መቶ አርባ እርምጃ ነው» አለች። «ጀሪካን አዝዬ ስሄድ ክብደቱን ለመርሳት እቆጥር ነበር። ቦኖውን ከኋላ፣ ያን ማዶ ያለውን ድልድይ ፊት ለፊት አድርጎ ቀጥ ማለት ነው።»

ቀያሹ መሬት ሲለካ ያረጀ፣ ለሥራው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። «እማማ፣ እስቲ አሥር እርምጃ ይራመዱልኝ» አላት። ተራመደች። ለካ፤ አራት ሜትር ተኩል ሆነ። አባዛና ስድሳ ሦስት ሜትር ላይ ችካል ተከለ።

ሁለት ሰዓት ተቆፈረ። ጎማ ወጣ፣ የተሰባበረ ጠርሙስ ወጣ፣ የአውቶቡስ መቀመጫ ሳይቀር ወጣ። ደጃፍ ግን የለም።

«ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አለች እናትየዋ ጉድጓዱን እያየች። ደግሞም፣ «የሱንም መልክ እንዲሁ ተሳስቼ ይሆናላ የያዝኩት» አለች።

ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ሚጣ ግን ሰማችው። ቤቱን ድሮም አጥተውታል፤ ትዝታዋን ማመን ካቃታት ግን ለዚች ሴት ምን ይተርፋታል?

ወደ መኪናው ሲመለሱ እናትየዋ ወደ ኋላ ቀረች።

«ቀስ በይ እንጂ ሚጣ፣ እኔ እንዳንቺ ነኝ እንዴ? ድሮ አንቺ ነበርሽ ከኋላዬ የምትሮጪው።»

ሚጣ ባለችበት ቆመች። ዞራ ቀያሹን አየችው። እሱም ገብቶት ኖሮ ቆቡን አውልቆ ራሱን ይነቀንቃል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስለካ ኖሬ» አለ፣ «የዛሬ እግራቸውን ለክቼ የድሮውን መንገድ አሰላሁ። ጉድ በሉኝ።»

ሚጣ ወደ ቦኖው ተመለሰች። ከሠራተኞቹ የሃያ ሊትር ጀሪካን ተዋሰች፣ እስከ አፉ ሞላችው፣ በገመድ አዘለችው። ቁመቷ የእናቷ ነው፤ ዕድሜዋም ያኔ እናቷ የነበረችበት። ቆፋሪዎቹ «ኢንጂነር ውሃ ወረደች» ብለው ሊስቁ ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ድልድዩን ፊት ለፊት አድርጋ ቀጥ አለች። እናቷ ከኋላ ኩስ ኩስ እያለች ትቆጥራለች፤ መሃል ላይ «አትጎንበሺ፣ ይፈስብሻል» ትላለች፣ ቁጥሩን ሳትስት። መቶ አርባ ሲሞላ የቅድሙን ጉድጓድ ሃያ ሜትር ያህል አልፈውታል።

ክንድ ያህል እንደተቆፈረ አካፋው ድንጋይ ነካ። አባቷ የጫማ ቢላውን ሲስልበት መሃሉን ያጎደጎደው የደጃፉ ድንጋይ ነው። እናትየዋ ተንበርክካ አፈሩን በመዳፏ ጠረገችና ጣቷን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈች።

«ይኸው፣ አልረሳሁም» አለች።

አለቀሰች፤ ሚጣም አለቀሰች። ቀያሹ አቧራ ዓይኔ ገባ አለ፤ አቧራ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል።

«ድንጋዩን ከአዲሱ አፈር በላይ አወጣዋለሁ፣ እዚሁ ቦታው ላይ» አለች ሚጣ። «አጠገቡ አግዳሚ ወንበር ይቆማል።»

«ወንበሩ ወዴት ያያል?»

«ወደ ኩሬው ነዋ እማዬ። ሁሉም ወደ ኩሬው ነው።»

«ኩሬ ምን ያደርግልኛል? ወደ መንገዱ አዙሪልኝ።»

አሁን መናፈሻው ተከፍቷል። አርባ አግዳሚ ወንበር ኩሬውን ያያል፤ አንዱ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ ከመግቢያው የሚመጣውን መንገድ ያያል። ሠራተኞቹ ስህተት መስሏቸው ሁለት ጊዜ ሊያዞሩት ነበር፤ ሚጣ ንድፉ ላይ በቀይ «እንዲሁ ይቆይ» ብላ ጻፈችበት። የሚያልፈው ሰው «ማነው ደግሞ ይሄን የሠራው መሐንዲስ ተብዬ» ይላል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። እሑድ እሑድ ከሰዓት እናትየዋ አንዱ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሚጣ ሌላው ጫፍ ላይ። ወንበሩ ለሦስት ይበቃል። ደክሞት መሃላቸው አረፍ ልበል የሚል ሲመጣ እናትየዋ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል በትሕትና ትመልሰዋለች።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ሰው አለው።»